የኖዝሉ መክፈቻ ግፊት ልክ ከሆነ ሞተሩ ለምን ያንኳኳል?

ጠያቂ፦ የኮምቦልቻው ጀማሪ

ሰላም ለሁላችሁ። ከቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ከወጣሁ ሁለት ዓመት ያልሞላኝ ሲሆን፣ ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ አነስተኛ ጋራዥ እሠራለሁ። የምጠይቃችሁ ባለፈው ሳምንት ስለገባልን አንድ ላንድ ክሩዘር ነው። ሞተሩ ዋን ኤች ዜድ የሚባለው፣ ቱርቦ የሌለው፣ ባለ ስድስት ሲሊንደሩ 4.2 ሊትር ናፍጣ ነው። ባለቤቱ መኪናውን ያመጡት ጠዋት ሲነሳ ነጭ ጭስ እንደሚያጨስ፣ ሚኒሞ ላይ (ፔዳሉ ሳይረገጥ) እንደሚያንኳኳ፣ ወደ ደሴ ሲወጣ ደግሞ ጥቁር ጭስ እንደሚለቅ ነግረውን ነው።

ሞተሩ ሚኒሞ ላይ እየሠራ የየሲሊንደሩን የናፍጣ ቱቦ ዳዶ በየተራ እያላላሁ ሞከርኩ። የአምስቱን ሳላላ ሞተሩ እየተንገዳገደ ዙሩ ይወርዳል፤ የሦስተኛውን ሳላላ ግን ዙሩ እምብዛም ሳይለወጥ ማንኳኳቱ ብቻ ጠፋ። ስለዚህ ጥፋቱ የሦስተኛው ኖዝል (ናፍጣውን ወደ ሲሊንደሩ የሚረጨው) ነው ብዬ ስድስቱንም ፈታኋቸው።

ጋራዣችን በእጅ የሚሠራ የኖዝል መሞከሪያ አለው። ስድስቱንም በየተራ እያሰርኩ፣ እጀታውን እየገፋሁ፣ የመክፈቻ ግፊታቸውን አነበብኩ። አንደኛው 131፣ ሁለተኛው 128፣ ሦስተኛው 129፣ አራተኛው 132፣ አምስተኛው 127፣ ስድስተኛው 130 ባር ላይ ከፈቱ። ጥፋተኛ ነው ያልኩት ሦስተኛው ከሁሉም መካከል ላይ ተገኘ። ሁሉም ናፍጣ ይረጫሉ፤ የተደፈነ የለም። መልሼ ስገጥማቸው ሞተሩ እንደ ቀድሞው ማንኳኳቱን ቀጠለ።

አለቃዬ ችግሩ የኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ አየሩን የሚያምቅበት ግፊት) ነው ይላሉ፤ የመኪናው ባለቤት ደግሞ ናፍጣውን ወደ ኖዝሎቹ የሚገፋው ፖምፓ ይፈታ እያሉ ነው። እኔ ግን በቱቦ ማላላት ያየሁትን ነገር መተው አልቻልኩም። የግፊቱ ንባብ ልክ ከሆነ ኖዝሉ ጤነኛ ነው ማለት ይቻላል? ሞላዎቹ በዕድሜ ላልተው ሊሆን ስለሚችል ከሞላዎቹ በላይ ሺም (ሞላውን የሚያጠብቅ ቀጭን የብረት ቀለበት) ጨምሬ የስድስቱንም ግፊት ከፍ ባደርግስ ይጠቅማል? ልምድ ያላችሁ ብትመልሱልኝ አመሰግናለሁ።

መልስ፦ ፖምፓ ቤት

ወንድሜ፣ በመጀመሪያ ቱቦ በማላላት ያገኘኸውን ምልክት አለመተውህ ትክክል ነው። ሲሊንደሩ ሲቋረጥ ዙሩ ካልወረደ፣ ያ ሲሊንደር ከመጀመሪያውም ሥራ አልነበረውም ማለት ነው፤ ማንኳኳቱ አብሮ ከጠፋ ደግሞ መጀመሪያ የሚጠረጠረው እዚያ የሚገባው ናፍጣ ነው። አለቃህ የሚሉትን ኮምፕሬሽን ኖዝሎቹ በተፈቱበት ጊዜ መለካቱ አይከፋም፤ ፖምፓው ግን ለጊዜው አይነካ። ፖምፓ ያለ በቂ ምክንያት ተፈትቶ ሲገባ ሁለተኛ በሽታ ይዞ ይመለሳል።

አሁን ወደ ጥያቄህ ልምጣ። 129 ባር ብለህ ያነበብከው የሞላውን ጤንነት ነው እንጂ የኖዝሉን አይደለም። በኖዝሉ ውስጥ ቀዳዳውን የሚዘጋው መርፌ የሚነሣው ከሥር የሚገፋው የናፍጣ ግፊት ከላይ የሚጫነውን ሞላ ሲያሸንፍ ነው፤ ስለዚህ ማኖሜትሩ (የግፊት ማሳያው) የሚነግርህ ሞላው ምን ያህል እንደሚጫን ብቻ ነው። መርፌው መቀመጫው ላይ ሲያርፍ መዝጋት አለመዝጋቱን፣ በቤቱ ውስጥ በነፃነት መንሸራተቱን፣ የሚወጣው ናፍጣ ጉም ይሁን ክር፣ ይህ ቁጥር አይነግርህም። እጀታውን ቶሎ ቶሎ ከገፋህ ደግሞ የሚያንጠባጥብ ኖዝል እንኳ መክፈቻ ግፊቱ ላይ ይደርሳል፤ የሚፈሰው ከምትገፋው ያንሳልና።

ስለዚህ ሦስተኛውን ብቻ ሳይሆን ስድስቱንም እንደገና አውጥተህ እንዲህ አድርግ። ከሁሉ በፊት መሞከሪያውን ራሱን ፈትሸው። ኖዝሉ የሚታሰርበትን አፍ በድፍን ዳዶ ዘግተህ ግፊቱን ወደ 200 ባር አድርሰውና እጀታውን ሳትነካ ጠብቅ፤ ማኖሜትሩ እየወረደ ከሄደ የሚያፈሰው መሞከሪያው ነው፣ በእሱ የምትፈርድበት ኖዝል ሁሉ ያለ ጥፋቱ ይወድቃል። በውስጡ ያለው ናፍጣም የተጣራ ይሁን። ደንቡ አይሶ 4113 የተባለውን የመሞከሪያ ዘይት ማድረግ ነው፤ በየጋራዡ የምናደርገው ግን ንጹሕ ናፍጣ ነው፣ እሱም ቢያንስ በአዲስ ፊልትሮ ይለፍ።

ከዚያ ኖዝሉን እሰረውና ወደ ማኖሜትሩ የሚወስደውን ቫልቭ ዘግተህ እጀታውን ጥቂት ጊዜ በፍጥነት ግፋ፤ አየሩ ይወጣል፣ በአፉ የቀረ ካርቦንም ካለ ይጠረጋል። ቫልቩን ክፈትና ቀስ ብለህ እየገፋህ መክፈቻውን አንብብ። ይህን አንተ ሠርተኸዋል፤ የቀረህ ከዚህ በኋላ ያለው ነው።

የኖዝሉን ጫፍ በንጹሕ ወረቀት አድርቀው። ግፊቱን ከመክፈቻው ከ10 እስከ 20 ባር ዝቅ ብሎ ያዘው፤ በአንተ ኖዝሎች ወደ 110 ባር ገደማ ማለት ነው። ዐሥር ሰከንድ ቁጠርና ጫፉን ተመልከት። በዚህ ጊዜ ውስጥ ጠብታ ቋጥሮ መውደቅ የለበትም፤ በዳዶው ዙሪያም መፍሰስ የለበትም። ጫፉ ትንሽ መርጠቡ ብዙ ጊዜ ያገለገለ ኖዝል ላይ ይታለፋል፣ ጠብታ ግን አይታለፍም። በሞተሩ ውስጥ ያ ጠብታ ከርጭቱ በፊትም ሆነ በኋላ ሳይበተን ይገባል፤ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሲሆን ሳይቃጠል በነጭ ጭስነት ይወጣል፣ ተጠራቅሞ በአንድ ጊዜ ሲፈነዳ ደግሞ የምትሰማው ማንኳኳት ይሆናል።

ቀጥሎ ጆሮህን ተጠቀም። ቫልቩን ዘግተህ እጀታውን በቀስታ፣ በደቂቃ ከ15 እስከ 60 ጊዜ ባለው ፍጥነት እያለዋወጥክ ግፋ። የአንተ ሞተር ኖዝል ባለ አንድ ቀዳዳ፣ የመርፌው ጫፍ ቀዳዳው ውስጥ የሚገባበት ዓይነት ስለሆነ፣ በዚህ መካከል በአንዱ ፍጥነት ላይ መርፌው እየተነሣና እየተቀመጠ ትርርር የሚል ድምፅ ማሰማት አለበት፤ በእጀታው ላይም መንቀጥቀጡ ለእጅህ ይሰማሃል። ዝም ብሎ ሽሽሽ እያለ የሚያፈስ ኖዝል ግፊቱ የፈለገውን ያህል ቢያሳይ መርፌው ተይዟል ወይም መቀመጫው ተበልቷል። እኔ ተለማማጆችን ሳስተምር ማኖሜትሩን በጨርቅ እሸፍንባቸዋለሁ፤ ዓይናቸው ቁጥሩ ላይ ከተተከለ ጆሯቸው ይዘጋልና።

የርጭቱንም ቅርጽ ከሥሩ ነጭ ወረቀት ይዘህ እይ። ቀጥ ብሎ የሚወርድ፣ ዙሪያው እኩል የሆነ፣ ሲያልቅ ቁርጥ የሚል ጉም ነው የምንፈልገው፤ ወደ አንድ ጎን ያጋደለ ወይም በመሃሉ ክር የመሰለ ነገር ያለው ከሆነ ጫፉ ቆሽሿል ወይም ተጎድቷል።

አንድ ነገር ደግሞ ሳልናገር አላልፍም። እጅህን በምንም ምክንያት ከርጭቱ ፊት አታስገባ። ከብዙ ዓመት በፊት አብሮኝ ይሠራ የነበረ ልጅ ርጭቱን በጣቱ ነካ፤ የታየው በመርፌ የተወጋ የምታክል ነጥብ ብቻ ስለነበረች ጠርጎት ሥራውን ቀጠለ። ማታ እጁ እስከ ክርኑ አብጦ ሐኪም ቤት ሲደርስ ጣቱን ማዳን አልተቻለም። ናፍጣው በቆዳው ውስጥ ገብቶ ሥጋውን ይመርዘዋል፤ ባያምም፣ ቁስሉ ትንሽ ቢመስልም፣ በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም መሄድና በግፊት ናፍጣ እንደተወጋ መናገር ያስፈልጋል። ጉሙም ቶሎ ይቀጣጠላል፣ ለሳንባም መጥፎ ነው፤ መነጽር አድርግ፣ በር ክፈት፣ ሲጋራ የያዘ ሰው አታስጠጋ።

መልስ፦ አሠልጣኝ

ከላይ የተሰጠው መልስ ዋናውን ነገር ስለያዘ እኔ የምጨምረው ስለ ሺሙና ስለ ደሴው ጥቁር ጭስ ነው።

ስድስቱ ኖዝሎች በ127 እና በ132 ባር መካከል ተቀራርበው መክፈታቸው ጥሩ ነው። በአንድ ሞተር ላይ የኖዝሎቹ ግፊት እርስ በርስ መቀራረቡ፣ እያንዳንዱ ከመጽሐፉ ቁጥር ጋር ከመግጠሙ ባላነሰ ይጠቅማል፤ አንዱ ዘግይቶ፣ ሌላው ቀድሞ ከከፈተ ሞተሩ ሚኒሞ ላይ ይንገዳገዳል። ግፊት ስትጨምር ኖዝሉ ትንሽ ዘግይቶ እንደሚከፍት፣ ስትቀንስ ደግሞ እንደሚቀድም አትርሳ፤ ይህም ማለት በሺም የስድስቱንም ግፊት ስታነሣ ሳታስበው ታይሚንጉን፣ ማለትም ናፍጣው የሚረጭበትን ጊዜ፣ እየነካህ ነው። መቀመጫው ተበልቶ ድምፅ የማይሰጥ ኖዝል ላይ ሺም መጨመር ደግሞ ሕመሙን ለጥቂት ሳምንት ከመሸፈን አያልፍም።

ሺም መቀየር የሚገባው ንባቡ ለዚያው ሞተር ከተጻፈው ቁጥር ሲወርድ ወይም አዲስ ኖዝል ሲገባ ነው። የ0.05 ሚሊ ሜትር ልዩነት እንደ ሞላው ጥንካሬ ከ3 እስከ 7 ባር ያህል ያንቀሳቅሳል፤ የራስህ ሞላ ስንት እንደሚያንቀሳቅስ አንድ ጊዜ ሞክረህ ጻፈው። ሁለት ሺም ደራርበህ አትግጠም፤ የሚፈለገውን ውፍረት በማይክሮሜትር ለክተህ በአንዱ ተካው። አዲስ ሞላ ከጥቂት ሥራ በኋላ ትንሽ ስለሚረግብ፣ ከሚፈለገው በጥቂት ባር ከፍ አድርጎ ማሰር የተለመደ ነው። የምታነበው ማኖሜትር በምን መለኪያ እንደተጻፈም እይ፤ 1 ሜጋ ፓስካል 10 ባር ነው፣ 1 ባር ደግሞ 14.5 ፒ ኤስ አይ ገደማ ነው። ተማሪዎቼ የማኖሜትሩን የውጭና የውስጥ ቀለበት አምታተው ጤነኛ ኖዝል ሲጥሉ አይቻለሁ።

ስለ ጥቁሩ ጭስ፣ ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ደሴ ስትደርስ ከ2,400 ሜትር አልፈሃል። አየሩ በዚያ ከፍታ ላይ ከባሕር ዳርቻው ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህል ቀልሏል። ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚስበው ኦክስጅን ሲያንስ ፖምፓው የሚሰጠው ናፍጣ ካልቀነሰ፣ ያልተቃጠለው በጥቁር ጭስነት ይወጣል። አንዳንድ ፖምፓዎች ከፍታውን እያየ ናፍጣ የሚቀንስ መሣሪያ አላቸው፣ ብዙዎቹ የላቸውም። ስለዚህ በዳገት ላይ የሚታየውን ጥቁር ጭስ በሙሉ በኖዝል ላይ አታላክ፤ የአየር ፊልትሮውን መጀመሪያ እይ። ጠዋት የሚታየው ነጭ ጭስና የሚኒሞው ማንኳኳት ግን የከፍታ ጉዳይ አይደሉም።

ኮምፕሬሽኑን ስትለካ በስድስቱ መካከል ያለው ልዩነት ከ5 ባር ያልበለጠ መሆኑን አረጋግጥ። ሦስተኛው ከሌሎቹ ጋር ተቀራርቦ ከተገኘ የአለቃህ ጥርጣሬ መልስ አገኘ ማለት ነው።

መልስ፦ ኮመን ሬል

እኔ የምሠራው ባብዛኛው አዳዲስ መኪኖች ላይ ስለሆነ፣ ይህን የሚያነቡ ሰዎች እላይ የተጻፈውን በሁሉም ናፍጣ ሞተር ላይ እንዳይሞክሩት አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ቱቦ እያላሉ ሲሊንደር መፈለግ እንደ ዋን ኤች ዜድ ባሉ በፖምፓ ብቻ በሚሠሩ ሞተሮች ላይ ነው። ናፍጣው በአንድ የጋራ ቱቦ በከፍተኛ ግፊት በሚጠራቀምበት በኮመን ሬል ሞተር ላይ ግን ዳዶውን ማላላት ፈጽሞ አይገባም። በ1997 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር አልፋ ሮሜዮ 156 ላይ በወጣው የመጀመሪያው የቤት መኪና ኮመን ሬል እንኳ ግፊቱ 1,350 ባር ነበር፤ ዛሬ ካሉት ብዙዎቹ ከ2,000 ባር ያልፋሉ። በዚያ ግፊት የሚወጣ ናፍጣ ጓንትም ሥጋም አያቆመውም።

የእጅ መሞከሪያውም እዚያ ብዙ አይረዳም። የኮመን ሬል ኢንጀክተር የሚከፈተው በሞላ መሸነፍ ሳይሆን በኮምፒውተሩ ትእዛዝ ነው፤ ስለዚህ የመክፈቻ ግፊት የሚባለው ነገር በእጅ አይነበብም። እነሱ የሚፈተኑት የሚረጩትንና የሚመልሱትን ናፍጣ በተለያየ ግፊት በሚለካ የኤሌክትሪክ ቤንች ላይ ነው። ቤንች በሌለበት ጋራዥ ቢያንስ የመመለሻ ቱቦዎቹን በየራሳቸው ብልቃጥ አድርጎ፣ ሞተሩን ሚኒሞ ላይ አሠርቶ፣ የትኛው ከሌሎቹ አብልጦ እንደሚመልስ ማወዳደር ይቻላል። ኢንጀክተር ሲቀየርም ብዙዎቹ በራሳቸው ላይ የተጻፈ ኮድ ስላላቸው፣ ያ ኮድ በስካነር ለኮምፒውተሩ መነገር አለበት።

ስለ መግዣው አንድ ምክር። አዲስ ኖዝል ስትገዛ «የላንድ ክሩዘር ስጡኝ» አትበል፤ በአሮጌው አካል ላይ የተቀረጸውን ፊደልና ቁጥር ጽፈህ ሂድ። በባለ ብዙ ቀዳዳዎቹ ላይ ለምሳሌ ዲ ኤል ኤል ኤ 150 ተብሎ ከተጻፈ፣ 150 የርጭቱ መክፈቻ ማዕዘን ነው፤ መጠኑ የሚመሳሰል፣ በቤቱ ውስጥ ልክ የሚገባ፣ ማዕዘኑ ግን የተለየ ኖዝል ብትገጥም ናፍጣው ከፒስተኑ ጉድጓድ ውጭ ይረጫል። ሱቁ ውስጥ ሁለቱ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ለዓይን አንድ ናቸው።

ጠያቂው ሲመለስ፦ የኮምቦልቻው ጀማሪ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በተለይ ጋሼ ፖምፓ ቤት፣ ማኖሜትሩን በጨርቅ መሸፈን ያሉትን እንዳለ አደረግሁት።

መሞከሪያውን ደፍኜ 200 ባር ላይ ስይዘው በአንድ ደቂቃ ውስጥ የወረደው ከ3 ባር አይበልጥም፤ ስለዚህ እሱን ተማመንኩበት። አንደኛው፣ ሁለተኛው፣ አራተኛውና ስድስተኛው ጥርት ያለ ድምፅ ሰጡ፤ በ110 ባር ዐሥር ሰከንድ ሲቆዩም ጫፋቸው እንደ ደረቀ ነበር። አምስተኛው ድምፁ ደኅና ነው፣ ጫፉ ግን ረጠበ፤ ጠብታ አልቋጠረም። ሦስተኛው ሙሉ በሙሉ ዲዳ ነው። እጀታውን ከቀስታ እስከ ፍጥነት በየዓይነቱ ሞከርኩት፣ ሽሽሽ ከማለት በቀር ምንም አልሰማሁም። ወረቀቱ ላይ የወረደውም ጉም ሳይሆን ወደ ግራ ያጋደለ ክር ነበር። በ110 ባር ይዤው ሦስት ስቆጥር የመጀመሪያው ጠብታ ወደቀ። ከሳምንት በፊት ይህንኑ ኖዝል ልክ ነው ብዬ መልሼ እንደ ገጠምኩት ሳስብ አፈርኩ።

ስፈታው የኖዝሉ ዳዶ በጣም ስለተጠበቀ በሞርሳ አስሬ በጭንቅ ነው የላላልኝ። መርፌውን ከቤቱ ስስበው ቡናማ ቫርኒሽ የመሰለ ነገር ለብሷል። በንጹሕ ናፍጣ ውስጥ በእንጨት ስንጥር ጠረግሁት፤ ብረትም ሆነ ሸራ ወረቀት አላስነካሁትም። ከዚያ በኮሌጅ እንደተማርነው ቤቱን 60 ዲግሪ ያህል አዘንብዬ፣ መርፌውን አንድ ሦስተኛውን ስቤ ለቀቅኩት። መጀመሪያ መንገድ ላይ ቀረ። እንደገና አጥቤ፣ መርፌውን በየጊዜው ጥቂት እያዞርኩ ስሞክረው በራሱ ክብደት ቀስ ብሎ ወረደ። በቶርክ ቁልፍ ገጥሜው ስሞክረው አሁን ደካማ ድምፅ አወጣ፣ ርጭቱም ቀጥ አለ፤ ነገር ግን በስድስት ሰከንድ አሁንም ጠብታ ጣለ። በማጉያ መነጽር ሳየው የመርፌው ጫፍ ዙሪያ ላይ ያለው መቀመጫ ደብዝዞ ሰፍቷል። ስለዚህ ቁጥሩን ጽፌ ሄጄ አዲስ ኖዝል ገዛሁ።

አዲሱ በቀድሞው ሺም 124 ባር ላይ ከፈተ። በ0.10 ሚሊ ሜትር የሚወፍር ሺም ስተካበት 134 ሆነ፤ ይረግባል ስላላችሁኝ በዚያው ተውኩት። ድምፁን ለአለቃዬ አሰማኋቸው።

ኮምፕሬሽኑን የመለካውን መሣሪያ ከጎረቤት ጋራዥ ተውሼ ነው የለካሁት፤ ሦስተኛው ከሌሎቹ የሚያንሰው በአንድ ባር ብቻ ነው። ኖዝሎቹን ከመመለሴ በፊት በየጉድጓዱ በባትሪ ሳይ ደግሞ አምስተኛው ውስጥ ከዚህ በፊት የሠራ ሰው ያልነቀለው አሮጌ የመቀመጫ ሮንዴላ ተጣብቆ አገኘሁ፤ በላዩ ሌላ ሮንዴላ ተደርቦበት ኖዝሉ ከቦታው ከፍ ብሎ ነበር የተቀመጠው። ነቅዬ ለስድስቱም አዲስ አደረግሁ። የናፍጣ ፊልትሮውን ሳወጣ ከሥሩ ውኃና ዝገት ወጣ። ባለቤቱን ስጠይቃቸው ነዳጅ ሲጠፋ ከመንገድ ዳር በጀሪካን እንደሚገዙ ነገሩኝ።

ማንኳኳቱ ጠፍቷል። ጠዋት የሚታየው ነጭ ጭስ አንድ ደቂቃ አይቆይም። ወደ ደሴ ሲወጣ ጥቁር ጭሱ ቀንሷል እንጂ አልቀረም፤ ባለቤቱ ፖምፓው ላይ ያለውን የናፍጣ መቀነሻ ቡሎን ትንሽ እንዳዞርላቸው ይጠይቁኛል። ሁለት ነገር ልጠይቅና ላብቃ። ይህን ቡሎን ልንካው? አምስተኛውን የሚረጥበውን ኖዝልስ አሁን መቀየር ነበረብኝ?

መልስ፦ ፖምፓ ቤት

የኔ ልጅ፣ ደኅና ሠርተሃል። ያ በጣም የተጠበቀው ዳዶ የነገርህ ነገር አለ። ቀደም ሲል የሠራው ሰው በቁልፉ ላይ ቧንቧ አስረዝሞ ነው ያሠረው፤ ዳዶው ከመጠን በላይ ሲጠብቅ የኖዝሉን ቤት ጨብጦ ስለሚያጣምመው፣ በእጅህ ላይ በነፃነት የሚወርደው መርፌ ከታሰረ በኋላ ይያዛል። ለዚህ ነው መርፌውን ከመግጠምህ በፊት ብቻ ሳይሆን ከገጠምክ በኋላም በድምፅ የምንፈትነው። መርፌና ቤቱም አብረው የተፈተጉ ጥንዶች ስለሆኑ፣ ብዙ ኖዝል በአንድ ሳሕን ስታጥብ የአንዱን መርፌ ለሌላው እንዳትሰጥ ተጠንቀቅ።

ቡሎኑን አትንካው። የአየር ፊልትሮውን ቀይርላቸውና ዳገቱን በዝቅተኛ ማርሽ እንዲወጡት፣ ፔዳሉንም እስከ ወለሉ እንዳይጫኑት ንገራቸው፤ ከዚያ በኋላም ጭሱ ከበዛ የፖምፓውን መጠን በቤንች ላይ ለክቶ የሚያስተካክል ሰው ጋ ይሂዱ። በግምት የተዞረ ቡሎን ወደ ቦታው የሚመለስበት ምልክት የለውም።

አምስተኛው ኖዝል ጠብታ እስካልቋጠረ ድረስ ይሥራ። ከፍ ብሎ የተቀመጠበት ሮንዴላ ስለተነሣለት ጫፉ ላይ የነበረው ካርቦንም ይቀንስ ይሆናል። የስድስቱንም ንባብ፣ የድምፃቸውን ሁኔታና የሠራህበትን ቀን በካርድ ጽፈህ ለባለቤቱ ስጣቸው፤ በሚቀጥለው የዘይት ቅያሪ ሲመጡ አምስተኛውን ብቻ አውጥተህ እንደገና ዐሥር ሰከንዱን ቁጠርበት። የጣልከውን ሦስተኛውን ኖዝል ግን አትወርውረው፤ እዚያው ጋራዥ ለሚመጡ ልጆች በመሞከሪያው ላይ አስረህ፣ 129 ባር እያሳየ ዲዳ ሆኖ ሲያንጠባጥብ አሳያቸው።